ምሰሶው ላልቷል

«ኖር!» ሲባል ቀድመው ከሚነሱት ወገን ነኝ። ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ ሰንበቴ ይሁን ዕድር፣ የገቢው ጥላ ገና በር ላይ ሲያርፍ እኔ ብድግ ብያለሁ። አጠገቤ ያሉት ጉልበታቸውን ይዘው ሲያቃስቱ፣ አንዳንዱም ከወንበሩ ሳይላቀቅ እጁን ብቻ ከፍ ሲያደርግ፣ እኔ እንግዳው «በእግዜር» ብሎ እስኪያስቀምጠን ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። አክብሮት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለገቢው ክብር ብቻ ከሆነ ግን ማን ተነሳ፣ ማን አልተነሳም እያልኩ ዙሪያዬን የምቃኘው ለምን ነበር? ስድሳን ካለፍኩ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ወጣቶች ለእኔ መነሳት ጀመሩ። ስገባ ድንኳን ሙሉ ሰው ሲነሳልኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። የተነሱት ለሽማግሌ ነዋ! ስለዚህ እኔም በፊናዬ ለሚገባው ሁሉ፣ ልጅ አዝላ ለምትገባው ለጋ እናት ሳይቀር፣ ከበፊቱ ፈጥኜ መነሳት ያዝኩ።

ታዲያ ሊጥለኝ የጀመረው ያው መነሳት ነው።

መጀመሪያ ዓይኔን ጨለም ያደርገዋል። ጆሮዬ ጭው ይላል፣ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሸሸት ይላል። ቀጥሎ ልቤ ይደልቃል፤ ድለቃው ከውጭ የሚታይ እየመሰለኝ የኮቴን ቁልፎች እቆልፋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ይለቀኛል። ሰው አየኝ? አላየኝም። እንግዲያው ምንም አልሆንኩም ማለት ነው። በዚህ ስሌት ብዙ ወራት ሄድኩ።

አንድ ለቅሶ ላይ ግን ስሌቱ ፈረሰ። ቀኑ ሞቃት ነው፣ ድንኳኑ ታፍኗል፣ አግዳሚው ላይ ከተቀመጥን ሰዓታት አልፈዋል። አንድ ትልቅ ሰው ገቡ፤ እኔም እንደ ልማዴ ተነሳሁ። ሁሉ ነገር ጠቆረብኝና እጄ ያገኘውን የድንኳን ምሰሶ ጨብጦ ቀረ። ሲገለጥልኝ ሰው ሁሉ ያየኛል። ጎረቤቴ «ምነው?» አለኝ። «ምሰሶው ላልቷል» አልኩ። እንዲታመን ነቅነቅም አደረግኩት። የዕድሩ ልጆች እየሮጡ መጥተው ገመዱን ፈተው እንደገና ወጠሩት፤ አንዱ ካስማ የሚመታበት ድንጋይ ፍለጋ ሄደ። ምሰሶው ምንም አልነበረበትም። እኔ ግን ቁጭ ብዬ፣ ልጆቹ በላብ ሲጠመቁ እያየሁ፣ «እዚያ ጋ ደግሞ ጠበቅ አድርጉት» እያልኩ መመሪያ ሰጠሁ። የዕድሩ ዳኛ በኋላ ስለ ትጋቴ አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ተመቸኝ። ቅዳሴ ላይ ብዙ ሰዓት ተቁሞ፣ በሕማማት ደግሞ እየወደቁ እየተነሱ ተሰግዶ፣ ምግብም ውሃም ሳይቀመስ ሲዋል ብርቱውም ይዞርበታል፤ ውሃ ያጣ ሰውነት የሚያዘዋውረው ደም መጠኑ ይቀንሳልና። ስለዚህ ከስግደት ስነሳ ተንገዳግጄ መቋሚያዬን ሙጥኝ ስል ማንም አልገረመውም። አንዲት እናት ለጓደኛቸው «ጾሙ ጎድቷቸዋል፣ እስከ ማታ ነው መሰል የሚያደርሱት» ሲሉ ሰማሁ። እውነቱ ሌላ ነው። የንስሐ አባቴ ኪኒን ስለምወስድ ጠዋት ቀምሼ እንድውጥ ፈቅደውልኛል። እኔ ደግሞ ፈቃዱን ሰፋ አድርጌ ስለተረጎምኩት ኪኒኑ የሚወርደው በሽሮ ፍትፍት ነበር። እና እናትየው ሲያመሰግኑኝ ምን አልኩ? አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ሲታመም ስም ያጣል ይባላል፤ እኔ በመታመሜ የጿሚ ስም አተረፍኩ።

አሁን ወደ ኪኒኖቹ ልምጣ፤ የተደበቀው ያለው እዚያ ነውና።

የደም ግፊት እንዳለብኝ ከተነገረኝ ቆይቷል። የታዘዙልኝ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ሰው «የምታሸናዋ» የሚላት ናት። ጠዋት ዋጥ ብባልም ማታ ማታ አደረግኳት። ለምን? ጠዋት ከዋጥኳት ስብሰባ መሀል ደጋግሞ ያስወጣኛላ። አንድ የተከበረ ሰው በየሰዓቱ «ይቅርታ» እያለ ሲወጣ ሰው ምን ይላል? ማታ ሲሆን የሚያየኝ የለም። ታዲያ ሌሊቱን ለሽንት ስነሳና ስተኛ ማደር ጀመርኩ። ከዚህ ተነስቼ ለራሴ ምርመራ አደረግኩ፦ ፕሮስቴት ነው። እኩዮቼ በቡና ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት እሱ ደረሰብኝ አልኩ።

ይህን ለሐኪም መናገር የሚባል ነገር አልታሰበኝም። የምትከታተለኝ ሐኪም ከልጄ የምታንስ ወጣት ናት፤ ደግሞም «አባባ» ነው የምትለኝ። «አባባ» ለምትል ልጅ ስለ ሽንት ይወራል? ስለዚህ ወደማልታወቅበት ሰፈር ወርጄ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች እስኪወጡ የጥርስ ሳሙና ስመርጥ ቆይቼ፣ ለባለሙያው በሹክሹክታ ነገርኩት። ታምሱሎሲን የሚባል ሰጠኝ። የሽንት መውጫውን ያላላል፤ ግን እግረ መንገዱን የደም ሥርንም ሊያላላ ይችላል። የእሱው ዘመድ የሆኑት ፕራዞሲንና ዶክሳዞሲን እኮ መጀመሪያም የወጡት ለደም ግፊት ነው። እኔ ይህን አላውቅም፤ ጠይቄም አልነበረ። እንግዲህ በአንዷ ኪኒን ሽንት አብዝቼ፣ በሌላዋ ሽንት ላስታግስ፣ ሁለቱም ግፊቴን ከሁለት በኩል ሲጎትቱት ነበር።

ሌላም አለ። የቀጠሮዬ ዕለት ጠዋት የግፊቱን ኪኒን እደግመው ነበር፤ ቁጥሩ እንዲያምር። ተቀምጬ ስለካ ቁጥሩ ያምራል፣ ሐኪሟ «ጎበዝ አባባ!» ትለኛለች፣ እኔም የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሆንኩ ያህል ደስ ይለኛል። ከዚያ ወጥቼ ደረጃው ላይ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ። የማስታውሰው ማመስገኗን ነው፣ ግድግዳውን አይደለም።

በመጨረሻ የተናገርኩት ስለ ልቤ ነው። ይህንንም ቢሆን መርጬ ነው። የልብ ሕመም የትልቅ ሰው ሕመም ነው፤ ብዙ የሠራ፣ ብዙ ያሰበ ሰው የሚታመመው ዓይነት። ማዞር ግን እርጅና ነው። ስለዚህ «ስነሳ ልቤ ይመታል» አልኩ፣ «ያዞረኛል» አላልኩም። እሷ ግን አስተኛችኝ። አምስት ደቂቃ ያህል ካጋደመችኝ በኋላ ለካችኝ፦ 148 በ86። አስቆመችኝና በአንደኛው፣ ቀጥሎም በሦስተኛው ደቂቃ ለካችኝ፦ 118 በ74። የልቤ ምት ከ74 ወደ 98 ወጥቷል። «አባባ፣ ያዞርዎታል አይደል?» አለች። ምሰሶ ፍለጋ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ሰው ተጋድሞ ወይም ተቀምጦ ሲነሳ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። የውሃ ግፊት ሲቀንስ ቀድሞ የሚደርቀው የላይኛው ፎቅ ነው፤ የእኛ ላይኛው ፎቅ ጭንቅላት ነው። ይህ እንዳይሆን በአንገታችን ላይ ባለው ትልቅ የደም ሥርና ከልብ በላይ ባለው ቅስት ላይ ግፊት የሚያዳምጡ ነርቮች ተቀምጠዋል። ግፊቱ ዝቅ ሲል ወዲያው መልእክት ይልካሉ፤ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ምት ያህል ይጨምራል፤ ሁሉም በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል፣ ጤነኛ ሰው አያውቀውም። የላይኛው ቁጥር በሦስት ደቂቃ ውስጥ 20 ወይም ከዚያ በላይ፣ የታችኛው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ግን ችግር አለ ማለት ነው። የኔ ደም ሥሮች እንዲጠቡ ሲታዘዙ ኪኒኖቹ «ላሉ» ይሏቸዋል፤ የቀረው ልብ ብቻውን ይሯሯጣል። ልቤ መሮጡን ሐኪሟ እንዲያውም ለበጎ ነው ያየችው። ግፊቱ ወርዶ ልብ ዝም ቢል ኖሮ የምትጠረጥረው ነርቮቹ ራሳቸው መጎዳታቸውን ነበር፤ ለብዙ ዓመት የቆየ ስኳር ወይም ፓርኪንሰን እንዲያ ያደርጋል። እኔ ሕመም ብዬ የከሰስኩት ልብ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሸፍንልኝ የነበረ ነው።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

ይህን ስል ታምሱሎሲኑ የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያ የጥያቄ ናዳ ወረደብኝ። ውሃ ይጠጣሉ? ተቅማጥ ነበረዎት? አልኮልስ? ለመገጣጠሚያ የሕመም ማስታገሻ ይውጣሉ? ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል? ተቀምጠው ሳሉም ልብዎ ይመታል? ራስዎን ስተው ያውቃሉ? ሁሉንም አይ፣ አይ፣ አይ። በስተመጨረሻ «እንግዲያው ምክንያቱን እስክናገኝ እንመርምር» ብላ መጻፍ ጀመረች። የደም ምርመራ፣ የልብ ኤሌክትሪክ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የታይሮይድ። ወረቀቱ ሲሞላ ዋጋውን በልቤ ደመርኩ። ኑዛዜዬ ሙሉ እንዲሆን ይህንንም ልናገር፤ ያናገረኝ ኪሴ እንጂ ኅሊናዬ አልነበረም። ድምሩ የአልትራሳውንዱ ጋ ሲደርስ ኪኒኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አየችው። አየችኝ። «የምታሸናዋንስ መቼ ነው የሚውጧት?»

«ማታ።»

«ታዲያ አባባ፣ ሌሊት ምን ልሁን ብለው ነው?» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሌላ ምን እላለሁ? የምታሸናዋን ወደ ጠዋት መለሰቻት፤ ታምሱሎሲኑን ለጊዜው አስቆመችኝና ስለ ፕሮስቴቱ ለብቻው እንዲታይ ላከችኝ። የግፊቱን ኪኒን በቀጠሮ ዕለት እንደምደግመው ስነግራት ያንንም ከለከለችኝ። ከአልጋ ስወርድ ጠርዙ ላይ ጥቂት እንድቀመጥ፣ እግሬን እንዳወራጭ፣ ከባድ ምግብ በልቼ ወይም ጠጥቼ ሳበቃ ዘልዬ እንዳልነሳ፣ ማዞር ሲጀምረኝ ቆሜ እግሮቼን አጠላልፌ ጭኔን ጠንከር እንዳደርግ ነገረችኝ። የመጨረሻው ደስ ይላል። ለሚያይ ሰው ዘና ብሎ የቆመ ጎልማሳ ያስመስላል። (አሁንም ስለሚያይ ሰው ነው የማስበው፤ አልተውኩትም።)

ልወጣ ስል ደግሞ እግረ መንገዷን አንድ ነገር ጣል አደረገች። ወጣቶች ላይ፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ ግፊቱ ሳይወርድ ሲቆሙ ልብ ብቻ በአሥር ደቂቃ ውስጥ 30 ምትና ከዚያ በላይ የሚዘልበት ሕመም አለ አለችኝ፤ አንዳንዴም እንደ ኮቪድ ካለ ሕመም በኋላ ይመጣል። እየሰማኋት ጆሮዬ ጋለ።

የእህቴ ልጅ ኮቪድ ይዟት ከዳነች በኋላ ሰልፍ መቆም አቅቷት ነበር። ታክሲ ስትጠብቅ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ገላዋን ታጥባ ስትወጣ ልቧ ይደልቃል። ሐኪም ጭንቀት ነው አላት። እኔስ? እናቷ ቤት ሰው በተሰበሰበበት «ቁርስ አትበሉ፣ ሌሊቱን በስልክ ታድራላችሁ፣ ጠዋት ልባችን መታ ትላላችሁ» ብዬ አሳቅኩባት። ያን ዕለት ራሴ ከሶፋው ስነሳ የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ተደግፌ ነበር። ምነው እንዲህ ጨከንኩ እያልኩ ብዙ አሰብኩ። ያናደደኝ፣ ይመስለኛል፣ እኔ በስንት ጥንቃቄ የምደብቀውን እሷ በአደባባይ መናገሯ ነው። እንደ ልቧ የምትናገረውን ሰው ካመንኩ የራሴ ዝምታ ምን ሊባል ነው?

ሲነገር የማይታመን ሕመም መሆኑ በእሷ አልተጀመረም። ጃኮብ ዳ ኮስታ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1871 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ እርስ በርስ ጦርነቱ ወታደሮች ጽፏል፤ ልባቸው ይመታል፣ ያዞራቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ ልባቸው ሲመረመር ግን የሚታይ ጉዳት የለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ ሐኪሞች፣ ከእነርሱም ቶማስ ልዊስ፣ ተመሳሳዩን አይተው የወታደር ልብ ይሉት ነበር። ከእነዚያ ወታደሮች ስንቱ ሰነፍ ወይም ፈሪ ተብሎ ይሆን? ሕመሙ አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው በዚያው አቆጣጠር በ1993 ነው። የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ተጋድማና ቆማ ስትለካ ግፊቷ ሳይወርድ ልቧ ከ70 ወደ 112 ዘለለ። ውሃ በብዛት ጠጪ፣ ጨው ጨምሪ፣ ጠበቅ ያለ ካልሲ አድርጊ፣ ስፖርቱን ተጋድመሽ ወይም ተቀምጠሽ ጀምሪ ተባለች። እኔ በግፊቴ የተነሳ ጨው የተከለከልኩ ነኝ፤ አንድ ማዕድ ላይ ስንቀርብ ጨውን ከእኔ ወስደው ለእሷ ያቀርባሉ።

ይቅርታ ልጠይቃት ደወልኩ። ስለ ካልሲው ጠየቅኳት፣ ስለ ትምህርቷ ጠየቅኳት። ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ሰለቻት መሰለኝ «ጋሼ፣ አንተንም ያዞርሃል እንዴ?» አለችኝ። «አልፎ አልፎ፣ ትንሽ» አልኩ። ይቅርታው አሁንም እዳ ነው።

ባለቤቴ ዘንድ ግን ሁሉን ለማውጣት ወሰንኩ። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ታምሱሎሲኑን፣ የተደገመውን ኪኒን፣ ምሰሶውን ሳይቀር ነገርኳት። አላስደነቃትም፤ ኪኒኑን ኮቴን ስታጥብ አግኝታ መልሳ ኪሴ ውስጥ ከታዋለች። ትንሽ ቅር አለኝ። እንዲህ የደከምኩበት ምስጢር በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ማለቅ አልነበረበትም። ጨዋታውን ላሟሙቅ ብዬ የሐኪሟን ጥያቄዎች እያስመሰልኩ ቀጠልኩ፦ «ደግሞ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ለመገጣጠሚያ ማስታገሻ ይውጣሉ? ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል? አባቷን እንዲህ ትጠይቃለች?»

እሷ አልሳቀችም።

ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ እንደምትወስድ አውቃለሁ፤ የምገዛላት እኔ ነኝ። ሰገራዋ መጥቆሩን አላውቅም። ሽንኩርት ልጣ ከበርጩማው ስትነሳ እንደሚያዞራት፣ ልቧ እንደሚደልቅ፣ የፍሪጁን በር ከፍታ ይዛ እስኪለቃት የምትቆመው ለዚያ እንደሆነ አላውቅም። ፍሪጅ ከፍታ ቆማ ባየኋት ቁጥር «ምን ልታወጪ እንደመጣሽ ረሳሽ?» እያልኩ አሾፍባት ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት «አንተ ዝም ያልከውን እኔ ምን ብዬ ላውራ?» አለች። ከጥምቀት ጀምሮ እንደነበር ነገረችኝ።

ኋላ ሲታይ ማስታገሻው ጨጓራዋን አቁስሎ ውስጥ ለውስጥ ሲያደማት ኖሯል። ሄሞግሎቢኗ 7.2 ሆኖ ተገኘ፤ ለሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ኦክስጅን የሚያደርሰው ደም ሲጎድል ልብ ያለውን በፍጥነት እያመላለሰ ጉድለቱን ሊሞላ ይሞክራል፤ ስትነሳ የሚደልቀው ለዚያ ነበር። ዳይክሎፌናኩን አስቆሟት፣ ለቁስሉ መድኃኒት ጀመሩላት፣ ደም ተሰጣት፣ አሁን የብረት ኪኒን ትውጣለች። ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን ቆይቶ ነው። በነጋታው ጠዋት ከዚያችው ወጣት ሐኪም ፊት ለፊት ተቀመጥን።

«እማማ፣ ማዞሩ መቼ ነው የጀመረዎት?»

ባለቤቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ትናንት ነው፣ ልጄ» አለች።

«ከጥምቀት ጀምሮ ነው» አልኩ እኔ። ገላመጠችኝ። «ሰገራዋም ጠቁሯል» ብዬ ጨመርኩ።